ሰማዩ ሲጠቁር፣ ጣራው ሲበራ

ሁለት ሰዎች አዲስ አበባ፣ የካ ውስጥ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ የእንጦጦን ተራራ ፊት ለፊት በሚያይ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። አንደኛው ዕድሜ ልኩን ሥዕል ሲሥልና ሲያስተምር የኖረ ሠዓሊ ነው። ሁለተኛዋ የእህቱ ልጅ ስትሆን ሙያዋ ፎቶ ማንሣት ነው። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ማቆሚያው ላይ ያላለቀ የተራራ ሥዕል አለ።

ፎቶ አንሺዋ፦ ጋሼ፣ ይህን ሥዕል ባየሁት ቁጥር ይበርደኛል። ዝናብ አልሣሉበትም፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው የለም፣ ጭቃም አይታይም። ብርዱ ከየት መጣ?

ሠዓሊው፦ ከየት ይመስልሻል?

ፎቶ አንሺዋ፦ ከጨለማው መሰለኝ። ተራራው ጠቁሯል፣ ደመናውም ጠቁሯል።

ሠዓሊው፦ ጠጋ ብለሽ እይው። ጥቁር ቀለም ከቱቦው አልወጣም። ደመናውንም ተራራውንም የሠራኋቸው በአልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና በምንለው ቡናማ ነው፤ ነጩ ማቅለያ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግራጫ ይወጣቸዋል። ሰማያዊው ካየለ ግራጫው ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ካየለ ይሞቃል። እዚህ ላይ ደመናው ከተራራው ትንሽ ሞቅ ይላል፤ ልዩነቱን ነጥለሽ ላታይው ትችያለሽ፣ ስሜቱ ግን ይደርስሻል። በጥቁርና በነጭ ብቻ ግራጫ ባወጣ ኖሮ የምታዪው የሲሚንቶ ግድግዳ ነበር።

ፎቶ አንሺዋ፦ እኔ ሐምሌን ሳነሣው የሚወጣልኝ ያ ሲሚንቶ ነው። ደንበኞቼም «ዛሬ ብርሃን የለም፣ ሌላ ቀን ይሁንልን» ይሉኛል። መስከረም እስኪጠባ ሥራዬ ይቀዘቅዛል።

ሠዓሊው፦ ብርሃን እንኳ ሞልቷል። ደመናው ፀሐይን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋትም፤ በአንድ በኩል ትመጣ የነበረችውን ከሰማዩ ሁሉ እንድትመጣ ያደርጋታል። ካሜራሽ ግን ምን ያደርጋል?

ፎቶ አንሺዋ፦ በራሱ ከተውኩት የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትተዋል። ነጩን ያጠቁረዋል፣ ጥቁሩን ያነጣዋል። ዋይት ባላንሱ ደግሞ በደመና ቀን ያለውን ሰማያዊነት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያርመዋል።

ሠዓሊው፦ በይ እንግዲህ! የሐምሌን መንፈስ የያዙት ሁለቱ ነገሮች እነዚያ ናቸው፤ ሰማያዊነቱና በብሩሁና በጨለማው መካከል ያለው ርቀት። ካሜራሽ ሁለቱንም ሳይጠይቅሽ ጣላቸው። ማስተካከያውን በእጅሽ ያዢው፤ ተራራው እንደ ጠቆረ ይቅር፣ ሰማያዊውም ይቅር።

ፎቶ አንሺዋ፦ ተራራው ግን ለምን ይህን ያህል ይጠቁራል? በጥር ከዚሁ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳነሣው እያንዳንዱ ዛፍ ይቆጠራል።

ሠዓሊው፦ በጥር ፀሐይ በየት በኩል ናት?

ፎቶ አንሺዋ፦ ከአናት ናት... ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ።

ሠዓሊው፦ ከጀርባሽ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። ያኔ እንጦጦ ፊቱን ለከተማው ሰጥቶ ስለሚቆም ብርሃኑን በግንባሩ ይቀበላል። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ 23 አካባቢ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ሰኔ 14 ቀን ከአናታችን 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። ደመናው ድንገት ቢከፈት እንኳ ብርሃኑ ከተራራው ጀርባ በኩል ነው የሚመጣ፤ የዛፎቹ ጥላ አጭር ቢሆንም ወደ እኛ ይወድቃል። ከተማው በክረምት የሚያየው የተራራውን የጥላ ጎን ነው። በዚያ ላይ እኛ ያለንበት ከፍታ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ይጠጋል፤ ደመናው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ይህን ያህል ዓመት ፎቶ ሳነሣ ፀሐይ ወደ ሰሜን እንደምትሄድ ልብ ብዬ አላውቅም።

ሠዓሊው፦ ምክንያቱም የምንማርባቸው መጻሕፍት የተጻፉት ሌላ ሰማይ ሥር ነው። የሠዓሊ ክፍል መስኮቱ ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ፤ አውሮፓ ውስጥ ትክክል ነው፣ ፀሐይ በዚያ በኩል ብዙም ስለማትገባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። እዚህ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው። ጠዋት ብራ ከሆነ በሰሜን መስኮት ሰተት ብላ ትገባና ሸራሽ ላይ ታርፋለች። መጽሐፉን አምኖ ቤት የሠራ ሰው ክረምት ላይ መጋረጃ ሲሰቅል ይከርማል።

ፎቶ አንሺዋ፦ እርስዎ ሌኒንግራድ ነው የተማሩት። የእነሱ ክረምት ከእኛ ይልቅ ጨለማ አይደለም?

ሠዓሊው፦ ቀኑ አጭር ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ግን በረዶው መሬት ላይ ተዘርግቶ ያችን ትንሽ ብርሃን መልሶ ወደ ላይ ይወረውራታል። የሰው ፊት ከአገጩ ሥር ይበራል። ከእኛው አብዮት በኋላ ብዙ ሠዓሊዎቻችን ሌኒንግራድና ሞስኮ ሄደው ተምረዋል፣ ታደሰ መስፍን ከእነሱ አንዱ ናቸው፤ ያንን ብርሃን ያላየ አልነበረም። የፈረንሣዩ ሠዓሊ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1868 እና 1869 መካከል አንድ የበረዶ ሜዳ ሣለ። አጥር አለ፣ በአጥሩ በር ላይ አንዲት ወፍ ተቀምጣለች። የአጥሩን ጥላ በሰማያዊ ሠራው። የፓሪሱ «ሳሎን» ዐውደ ርእይ ዳኞች እ.ኤ.አ. በ1869 አንቀበልም አሉት። ዛሬ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ከሚታዩት ሥዕሎቹ አንዱ ነው።

ፎቶ አንሺዋ፦ እኛ ጋ እኮ በረዶ የለም። የጣለ ቀን እንኳ ለግማሽ ሰዓት መንገዱን ነጭ አድርጎ ቀልጦ ይሄዳል። የእኛ መሬት ጭቃ ነው፣ ብርሃኑን ይውጠዋል።

ሠዓሊው፦ መሬቱ ይውጠዋል፤ አፈር ሲረጥብ ይጠቁራል። ሲረጥብ የሚነጣ ነገር ግን ከፊትሽ አለ።

ፎቶ አንሺዋ፦ ቆርቆሮው?

ሠዓሊው፦ ቆርቆሮው። ከዚህ እስከ ቀበና ወንዝ ድረስ እይው። በበጋ አቧራ ለብሶ ከመሬቱ አይለይም። አሁን ግን ዝናቡ አጥቦታል፣ ውሃ ተኝቶበታል። ወደ እኛ ያዘነበለው ጣራ የሚያሳየን ከተራራው በላይ ያለውን ጥቁር ደመና ሳይሆን ከራሳችን በላይና ከጀርባችን፣ በመገናኛና በቦሌ በኩል፣ ሳስቶ የበራውን ሰማይ ነው። ስለዚህ ጣራው ከፊታችን ካለው ሰማይ ይልቅ ይበራል። ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ ብርሃን ከላይ ነው፣ ጨለማ ከታች። የካ ውስጥ በሐምሌ ብርሃኑ ከታች ነው፣ የሰው ቤት ላይ። ያ ብርድ የሚሰማሽ ከዚያ ነው፤ ዓይንሽ ሰማዩ ላይ የለመደውን ብርሃን ፈልጎ ሲያጣው፣ ወርዶ ሰው ያለበት ቦታ ላይ ያገኘዋል።

ፎቶ አንሺዋ፦ ዝገት የያዘው ጣራ ግን አይበራም። ሥዕሉ ላይም በጣም ቀይ አድርገውታል።

ሠዓሊው፦ ዝገት ውሃ ሲጠጣ ቀለሙ ይደምቃል። እንደ አፈሩ ይጠቁራል፣ ቀይነቱ ግን ይወጣል። ሥዕሉ ውስጥ ያለው ሙቀት እሱ ብቻ ነው። ደፍሬ የተውኩት ሦስት ጣራ ላይ ነው፤ አራተኛ ባደርግ ብርዱ ይሞታል።

ፎቶ አንሺዋ፦ ጣራውና ሰማዩ አንድ ቀለም መሆኑ ግን ሆን ብለው ነው?

ሠዓሊው፦ ከአውሮፓዊው ሠዓሊ ከብሩይገል የተማርኩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1565 የሠራው የአዳኞቹ ሥዕል ቪየና ይገኛል። ሦስት አዳኞች ከውሾቻቸው ጋር ጀርባቸውን ሰጥተውን ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ያን ሁሉ ቀን ደክመው ያገኙት አንዲት ቀበሮ ነው። ከታች ሜዳው ላይ ኩሬው በርዶ ሰው ይንሸራተትበታል። የኩሬውን በረዶና ሰማዩን በአንድ አረንጓዴ ቀመስ ግራጫ ነው የሠራቸው። በዚያች አንዲት ቀለም ሰማዩን መሬት ላይ አወረደው፤ ሰዎቹ በሁለቱ መካከል ቀሩ። እኔ በኩሬው ፋንታ ቆርቆሮ አለኝ።

ፎቶ አንሺዋ፦ እሺ፣ ሰዎቹስ? ብሩይገል ሰው ሞልቶበታል። በእርስዎ ሥዕል ላይ አንድም የለም። ዛሬ ጠዋት ስመጣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አግኝቻለሁ። እነሱ የሌሉበት እንጦጦ ለጎብኚ የተጠረገ እንጦጦ ነው።

ሠዓሊው፦ እፈራለሁ። ጀርባዋ የጎበጠ ሴት ሥዕል ውስጥ ስትገባ ተመልካቹ ወዲያው ያዝንና ማየቱን ያቆማል። ሐዘኑን እሷ ላይ አስቀምጦ ተራራውን ይተወዋል። ብርሃኑ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ በእሷ ትከሻ ላይ መጫን ይሆንብኛል።

ፎቶ አንሺዋ፦ እሷን ማውጣትስ? ክረምት ላይ እኮ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ዳገቱ ያንሸራትታል። የሸክሟን ነገር ከየካ ሰው የማያውቅ የለም። ሥዕሉ ግን አያውቅም እያልኩዎት ነው።

ሠዓሊው፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። ያንን ቅጠል አቀብዪኝ፤ ከደጃፍ ካለው ጉቶ ነው የቀነጠስኩት።

ፎቶ አንሺዋ፦ ባሕር ዛፍ ነው? ቅጠሉ ክብ ሆነብኝ።

ሠዓሊው፦ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን መጥቶ እንጦጦን የሸፈነው እሱ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ያደገው ዛፍ ቅጠሉ ረጅም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠና ጥቁር አረንጓዴ ነው። ለጋው ግን እንደምታዪው ሰፋ ያለ ሆኖ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፣ ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ አለ። በጣትሽ ጥረጊው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ለቀቀ። ሥሩ አረንጓዴ ነው።

ሠዓሊው፦ ሰም ነው። ሰማያዊ የሚያስመስለው እሱ ነው፤ ውሃውም ጠብታ ሆኖ ይንከባለልበታል እንጂ አያርሰውም። አሁን ተራራውን እይው። ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ የምታዪው ክፍል ሁሉ ርቀትና ጭጋግ ብቻ አይደለም። ዛፉ ሲቆረጥ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ የሚያቆጠቁጠውም በዚህ ለጋ ቅጠል ነው። ደጋግሞ የተቆረጠ ዳገት ሰማያዊ ይሆናል፣ ያልተነካው ጠቁሮ ይቆያል። ጽድና ወይራ የቀረበት ቦታ ደግሞ ከሁሉም ይጠቁራል። እዚያ ላይ፣ ከገደሉ በስተቀኝ፣ ጨለም ያለች ቁራጭ አለች፤ ታያታለሽ?

ፎቶ አንሺዋ፦ አየኋት። እንዲህ ከሆነ ሰማያዊው የመጥረቢያ ሥራ ነው በሉኛ። ሴቶቹ የተራራው ቀለም ውስጥ አሉ።

ሠዓሊው፦ እኔ ያንን አልኩም፤ አንቺ አልሽው።

ፎቶ አንሺዋ፦ እንግዲያው ካሉ ይታዩ። ትልቅ አያድርጓቸው። ብሩይገል እንዳደረገው ጀርባቸውን ይስጡን፣ ፊታቸውን አይተን እንዳናዝንላቸው። ሸክሙ ላይ ያለው ቅጠል ግን ይህ ሰማያዊ ይሁን።

ሠዓሊው፦ ሸክሙ ከተራራው በአንድ ቀለም... ይሄ ይሠራል። እውነትሽን ነው፣ ይሠራል። መንገዱ እዚህ ጋ ሲጠማዘዝ ሁለት ሴቶች ይገባሉ። ነጠላቸውን ምን ላድርገው?

ፎቶ አንሺዋ፦ ነጭ እንዳይሆን። ከጣራው ጋር ይጣላል።

ሠዓሊው፦ አይሆንም፤ ረጥቧል።

ፎቶ አንሺዋ፦ ጋሼ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሐምሌ ላይ ጥላ ከሌለ ሰውነታቸውን በምን ያወጡታል? እኛ ፎቶ ላይ በአንድ በኩል መብራት የምንተክለው ጥላ ፊቱን እንዲቀርጽልን ነው።

ሠዓሊው፦ እኔም በአንድ መስኮት ብርሃን ነው የሠለጠንኩ። ለዚህ ግን መምህሮቹ ሌሎች ናቸው። እንጦጦ ማርያም ወይም ራጉኤል ገብተሽ ግድግዳውን ስታዪ ቅዱሳኑ ጥላ አይጥሉም። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አትጠይቂም፣ በሁሉም ቦታ እኩል ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን አካሉን የሚያወጡት በመስመርና ቀለምን ከቀለም አጠገብ በማስቀመጥ ነበር። ቅዱሱን ከነሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሥሉታል፣ ክፉውን በጎን አንድ ዓይን ብቻ ያሳዩታል፤ ማንነቱን በጥላ አይነግሩሽም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ ጥላና ርቀት በትምህርት መልክ መሰጠት ጀመሩ፤ ትልቅ ሥራ ነው። እሳቸው ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ ናቸውና የቀደመውን ያውቁት ነበር። በሐምሌ የሚያስፈልገው ግን ያ የቀደመው ነው። ሐምሌ ጥላ የሌለበት ወር ነው። ጠርዙን አጥርተሽ ቀለሙን ከጎረቤቱ ጋር ካስማማሽ ሴትየዋ ትቆማለች።

ፎቶ አንሺዋ፦ ጠርዝ ከጭጋግ ጋር ይስማማል?

ሠዓሊው፦ ሁሉም ቦታ አይጠራም። ሴቶቹ ላይ ይጠራል፣ ወደ ላይ እየወጣሽ በሄድሽ መጠን ይጠፋል፤ ጫፉ ላይ ተራራና ደመና አይለዩም። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ የተቆረቆረችው ከዚያ ብርድና ጭጋግ በመራቅም ነው፤ ምኒልክ ግን በ1882 ዓ.ም. የነገሡት ተመልሰው እንጦጦ ማርያም ነው። ብዙ ሰው ያን ተራራ ለዘውድ፣ ለጸበል ወይም ለመናፈሻ ይወጣዋል። ክረምት ላይ ለማየት ብሎ ቀና የሚል ግን ጥቂት ነው። በየሱቁ የተሰቀለውን ሥዕል እይ፤ አደይ አበባ፣ ጎጆ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፤ ሁሉም መስከረም ነው። መስከረምን አልጠላም። ግን ሦስት ወር ሙሉ የምንኖርበትን ብርሃን እንዳልነበረ አድርገን ማለፋችን ያሳዝነኛል። ልጆች ያደጉበት ሰማይ ነው። ቆርቆሮ ሲንኳኳ የሰሙበት ነው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ሲሆኑስ? ልጆች ጅብ ወለደች የሚሉት ሰዓት።

ሠዓሊው፦ እሱን ለነሐሴ አቆይቼዋለሁ። ነሐሴ ላይ ደመናው መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ቡሄ ነሐሴ 13 ሲሆን ፀሐይ አናታችን ላይ ለመድረስ አራት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የቀራት። በደብረ ታቦር የታየውን ብርሃን ለማሰብ ልጆች ችቦ የሚያበሩት በዚያ ሰሞን መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ያኔ ብርሃኑ በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ዳገቱ ላይ አንዲት ቁራጭ ብቻ ትበራለች፣ ዙሪያዋ እንደ ጠቆረ ነው። ለአምስት ደቂቃ አይቆይም። ከፊቱ ቆሞ መሣል አይሞከርም፤ አይቶ፣ ይዞ፣ ቤት ገብቶ ነው። ያ ሌላ ሥዕል ነው፣ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ፎቶ አንሺዋ፦ ይህኛውስ መቼ ያልቃል?

ሠዓሊው፦ የዘይት ቀለም በዚህ ብርድና እርጥበት ቶሎ አይደርቅም። በበጋ በቀናት የሚይዘው አሁን ሳምንታት ይፈጅበታል። ሸራውም እርጥበት ስቦ ይረግባል፣ እንደገና መወጠር አለብኝ። ሴቶቹን የማስገባው የታችኛው ሲደርቅ ነው። ጥቅምት እንበል።

ፎቶ አንሺዋ፦ ለማሳየት ካሰቡ ቦታውን እኔ ልፈልግ። ግን ማሳያ አዳራሾቹ ውስጥ ያለውን መብራት አይቼዋለሁ፤ ቢጫ ስፖትላይት ከላይ ይተክሉበታል።

ሠዓሊው፦ ያ ከበራበት አለቀለት። ቢጫው መብራት ሰማያዊውን ይገድለዋል፣ ግራጫዎቹ ሁሉ አንድ ይሆናሉ፣ ዝገቱ ብቻ ይጮኻል። ካሜራሽ ያደረገውን መብራቱ ይደግመዋል። ከመስኮት ትይዩ ያለ ግድግዳ ፈልጊልኝ፤ ብርሃኑ ከደጅ ይግባ፣ ከላይ ምንም አይብራ።

ፎቶ አንሺዋ፦ እንግዲያው የማታ መክፈቻ የለም ማለት ነው። እንግዶቹ ከሥራ ወጥተው ነው የሚመጡት፤ እምቢ ይሉኛል።

ሠዓሊው፦ ቅዳሜ አድርጊው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። እስከ አሥር ሰዓት ብርሃኑ ያዛልቀናል፣ ከዚያ በሩን እንዘጋለን።